ውሻ ለመግዛት፣ ለማራባት ወይም ለማከም ለምታስቡ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን ጥያቄያችሁ በዝቶብኛል። አንዱ «ጋሼ፣ ፍሬንች ቡልዶግ ይሻለኛል ወይስ ፓግ?» ይለኛል፤ ሁለቱም ፊታቸው ደፍጣጣ የሆኑ ትንንሽ ውሾች ናቸው። ሌላዋ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ናት፤ እንግሊዝ አገር ውሻ አርቢዎችና ሐኪሞች ለመልካቸው ሲባል በሚራቡ ውሾች ጤና ለምን እንደሚጨቃጨቁ ማወቅ ፈልጋለች። ሦስተኛው ነገር አያበዛም። ወንድና ሴት አስመጥቶ ቡችላ መሸጥ አስቧል። ለሦስታችሁም በአንድ ደብዳቤ ልመልስ። እኔ ደብረ ዘይት ተምሬ፣ መጀመሪያ በሬና ፍየል ያከምኩ፣ ከዚያ የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን እንግሊዝ አገር በውሻና በድመት ሐኪምነት የጨረስኩ ሰው ነኝ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። በዚህ ክርክር ውስጥ ጨካኝ ሰው ፈልጋችሁ ብትነሱ ብዙም አታገኙም። ለትርኢት የሚያረቡት ሰዎች አብዛኞቹ ውሾቻቸውን ከልባቸው ይወዳሉ። ራሳቸው ሳይበሉ ያበሏቸዋል፤ ሲታመሙባቸው ያለቅሳሉ። ክፋቱ ዓይናቸው መልመዱ ነው። በሽታውን ከመልኩ ጋር አንድ ላይ ስለለመዱት በሽታ መሆኑ አይታያቸውም። እኛ ሐኪሞችም ከዚህ ነፃ አይደለንም።

ነገሩ የጀመረው ለንደን ነው። በ1873 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ኬኔል ክለብ ተመሠረተ። የውሾችን የዘር መዝገብ መያዝ ጀመረ። የየዝርያው መልክና ቁመና ምን መምሰል እንዳለበትም በጽሑፍ ሰፈረ። ክራፍትስ የሚባለው ትልቁ የውሻ ትርኢት ደግሞ በ1891 ተጀመረ። ዳኛው ውሻውን ያያል፣ በእጁ ይዳስሳል፣ አስኪዶ ይመለከታል። ከተጻፈው ጋር ይበልጥ የገጠመው ያሸንፋል። ያሸነፈው አውራ ሆኖ ይፈለጋል።

መበላሸት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጽሑፉ «አፍንጫው አጭር ይሁን» ይላል እንጂ «ይታፈን» አይልም። ግን ሁለት ውሾች ጎን ለጎን ቆመው አፍንጫው ይበልጥ አጭር የሆነው ካሸነፈ፣ የሚመጣው ትውልድ ከእሱ ይወለዳል። ከእነዚያም ውስጥ ደግሞ ይበልጥ አጭሩ ይመረጣል። ማንም በአንድ ጀምበር ያደረገው ነገር የለም። የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የቡልዶግ ሥዕሎች ፈልጋችሁ እዩ። አፍንጫቸው ወጣ ያለ፣ እግራቸው ዘለግ ያለ ውሾች ናቸው። የዛሬውን አጠገባቸው ብታቆሙት ዘመዳቸው አይመስልም።

ሁለተኛው ጣጣ መዝገቡ ዝግ መሆኑ ነው። እናትና አባቱ ያልተመዘገቡ ውሻ አይገባም። ከውስጥ ካሉት ደግሞ ሁሉም እኩል አይወልድም። ሴቷ በዕድሜዋ ጥቂት ጊዜ ብቻ ስትወልድ፣ አንድ ሻምፒዮን ወንድ ግን በመቶ የሚቆጠሩ ቡችሎች ሊኖሩት ይችላል። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም የእሱ የልጅ ልጅ ይሆናል። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። አርቢዎቹ ግን ያማረውን መልክ እንዳይጠፋ ለማድረግ ሲሉ አባትን ከልጁ፣ ወንድምን ከእኅቱ ያገናኙ ነበር። ኬኔል ክለብ «ከእንዲህ ዓይነቱ ግንኙነት የተወለደ ቡችላ አልመዘግብም» ያለው በ2009 ነው። የአንድ እናትና አባት ልጆች ሲገናኙ የቡችላው የዝምድና መጠን፣ ማለትም ያንኑ አንድ ጂን በእናቱም በአባቱም በኩል የመውረስ ዕድሉ፣ 25 በመቶ ይሆናል። በአንድ ወገን ብቻ የሚዛመዱ ከሆኑ 12.5 በመቶ ነው። ተደብቆ የኖረ የጂን ጉድለት ካለ በሁለቱም ወገን መጥቶ የሚገጥመው እንዲህ ሲሆን ነው።

ክለቡ ያን እርምጃ የወሰደውም ዝም ብሎ አይደለም። በ2008 ቢቢሲ ስለዚሁ ጉዳይ ዘጋቢ ፊልም አሳይቶ አገሩ ተንጫጭቶ ነበር። ሰው የማይረሳው ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል የሚባለውን ትንሽ ውሻ ነው። በዚህ ዝርያ ራስ ቅሉ ለአንጎሉ ይጠበዋል። የአንጎሉ የኋላ ክፍል ወደ ታች ይገፋና ሕብለ ሰረሰሩ ውስጥ ፈሳሽ ይቋጠራል። ሲሪንጎማየሊያ ይባላል። ያመመው ውሻ አንገቱን ሲነኩት ይጮኻል፤ እግሩን አንስቶ ሰውነቱን ሳይነካ አየሩን ያካል። ስንቱ ባለቤት «ጨዋታው ነው» ብሎ ሲስቅ አይቻለሁ! ቢቢሲ ከ2009 ጀምሮ ክራፍትስን ማስተላለፉን ተወ። በ2010 ደግሞ የካምብሪጁ ሳይንቲስት ፓትሪክ ቤትሰን የመሩት ገለልተኛ ምርመራ ውጤቱን አወጣ።

ከዚያ የ2012ቱ ክራፍትስ መጣ። ችግር ይበዛባቸዋል በተባሉ 15 ዝርያዎች፣ ከየዝርያው አንደኛ የወጣውን ውሻ ገለልተኛ ሐኪም እንዲያየው ተወሰነ። ስድስቱ ወደቁ። ፔኪኒዝ፣ ቡልዶግ፣ ክላምበር ስፓኒየል፣ ባሴት ሃውንድ፣ ማስቲፍና ኒያፖሊታን ማስቲፍ። አርቢዎቹ ተቆጡ፤ «ተዋረድን» አሉ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ጠዋት ዳኛ «ከዝርያው ምርጥ» ያለውን ውሻ ሐኪም ከሰዓት «ይህስ ጤነኛ አይደለም» አለ። ውሻው አልተለወጠም። ዳኛውም ሐኪሙም አልዋሹም።

ከሁሉም በላይ ግን የዳልሜሽንን ታሪክ አጥኑልኝ። ያ ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን ውሻ ማለቴ ነው። ንጹህ ዘር የሚባለው ዳልሜሽን ሁሉ አንድ የጂን ጉድለት ይዞ ይወለድ ነበር። ሌላው ውሻ ዩሪክ አሲድን ሰባብሮ ያስወግዳል። ዳልሜሽን ግን ብዙውን እንዳለ በሽንቱ ያወጣዋል። በአንዳንዶቹ፣ በተለይ በወንዶቹ፣ ጠጠር ይሠራና የሽንት ቧንቧውን ይዘጋል። ሽንቱ የታፈነበት ውሻ እኩለ ሌሊት ሲመጣባችሁ ታውቁታላችሁ። ጀርባውን አጉብጦ ያምጣል፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ካልደረሱለት ይሞታል።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። ሮበርት ሻይብል የሚባሉ አሜሪካዊ የዘር ተመራማሪ በ1973 አንድ ዳልሜሽን ከፖይንተር ዝርያ ጋር አዳቀሉ። አንድ ጊዜ ብቻ! ጤነኛውን ጂን የወረሱትን ቡችሎች እየመረጡ፣ ከዚያ በኋላ በየትውልዱ ከዳልሜሽን ጋር ብቻ አገናኙ። ትንሽ ትውልድ እንደሄደ ውሾቹ በመልክ ዳልሜሽን ናቸው፤ ሽንታቸው ግን የጤነኛ ነው። በ1981 የአሜሪካ ኬኔል ክለብ ከእነዚህ ውሾች ሁለቱን መዘገበ። የዝርያው ማኅበር አባላት ተነሡ፤ ምዝገባው ቆመ። ምክንያታቸው? ንጹሕ አይደሉም፣ ነጠብጣባቸውም አነስ ይላል። በ2008 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች ጂኑን ራሱን አገኙት። የእንግሊዙ ክለብ በ2010 በሩን ከፈተ፣ የአሜሪካው በ2011። ቁጠሩት፤ 38 ዓመት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጤነኛው ውሻ በእጃቸው ነበር። ያውም በዚያው አገር ለባሴንጂ፣ የኮንጎው የማይጮኸው ውሻ፣ መዝገቡ በ1990 ተከፍቶ ከአፍሪካ የመጡ ውሾች ገብተው ነበር። መክፈት እንደሚቻልማ ያውቁ ነበር።

አሁን ወደ ፍሬንች ቡልዶጉና ወደ ፓጉ። የአሜሪካ ኬኔል ክለብ በ2022 ምዝገባው አንደኛ የሆነው ፍሬንች ቡልዶግ ነው፤ ላብራዶር ለ31 ዓመት ይዞት የነበረውን ቦታ ወሰደ። ታዋቂ ሰው ሁሉ ታቅፎት ፎቶ ይነሳል፣ ላይክ ይዘንባል። የእነዚህ ውሾች የፊት አጥንት አጥሯል፣ ውስጡ ያለው ሥጋ ግን በዚያው ልክ አላነሰም። ላንቃው ረዝሞ ጉሮሮውን ይጋርዳል። የአፍንጫው ቀዳዳ እንደ ክር ይጠብባል። እናንተ «ሲያንኮራፋ ያምራል» የምትሉት ድምፅ አየር ፍለጋ ነው። በ2012 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ላይ፣ የመተንፈስ ችግር ያለባቸው ውሾች ባለቤቶች 58 በመቶዎቹ «ውሻዬ የመተንፈስ ችግር የለበትም» ብለዋል። ስለ መልመድ ያልኳችሁ ይህን ነው። መውለዱም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝ በ2010 በታተመ ጥናት በቡልዶግ፣ በፍሬንች ቡልዶግና በቦስተን ቴሪየር ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ወሊድ በኦፕራሲዮን ነው። ሰው ቢላ ይዞ ካልደረሰላት መውለድ የማትችል እንስሳ እያበዛን ነው።

አርቢዎቹ የሚሉትም እውነት አለበት። «የኛ ውሾች ተመርምረው ነው የሚራቡት፤ የባሰው ያለ መዝገብ ጓሮ ውስጥ ተራብቶ በኢንተርኔት የሚሸጠው ነው» ይላሉ። ልክ ናቸው። ደህና አርቢ ዳሌ በራጅ ያስነሳል፣ ዓይን ያስመረምራል። ኬኔል ክለብና ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በ2019 የጀመሩት የመተንፈስ ምርመራም ሸጋ ነገር ነው። ውሻውን ለሦስት ደቂቃ በሶምሶማ ያስሮጡታል፣ ከሩጫው በፊትና በኋላ ጉሮሮውን በማዳመጫ ያዳምጣሉ፣ ከ0 እስከ 3 ደረጃ ይሰጡታል። ይሁን እንጂ የጓሮው ሻጭ ደፍጣጣ ፊትን የሚያራባው ከየት አይቶ ነው? ከሻምፒዮኑ ነው። ፋሽኑን የሚያወጣው መድረኩ ነውና ኃላፊነቱም ከመድረኩ ይጀምራል።

መንግሥታትም ገብተውበታል። ኔዘርላንድስ በ2019 አፍንጫው ከራስ ቅሉ ርዝመት 30 በመቶ ያልሞላ ውሻ እንዳይራባ ደንብ አወጣች። በኖርዌይ የኦስሎ ፍርድ ቤት በ2022 መጀመሪያ ቡልዶግና ካቫሊየር ማራባት የእንስሳት ደኅንነት ሕግን ይጥሳል አለ። በይግባኝ የቡልዶጉ ተሻረ፣ የካቫሊየሩ ጸና፤ በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አጸናው። እኔ ክልከላ ብቻውን ያድናል ብዬ አላምንም። ፈላጊ እስካለ ቡችላው ድንበር ተሻግሮ በመኪና ይገባል። ጤነኛ ደም ከውጭ አምጥቶ ማዳቀልን ግን በሁለት እጄ እደግፋለሁ። ዳልሜሽን አሳይቶናል።

እንግዲህ ወደ እናንተ። ለምትገዙት፦ እናቱን ሳታዩ አትግዙ። ፎቶና ቪዲዮ አይበቃም። እናቲቱን ትንሽ አስኪዷትና ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ከክፍሉ ማዶ ሆናችሁ ትንፋሿ ከተሰማችሁ ተዉት። ኦፕራሲዮን ተደርጋ እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። አዲስ አበባ ውስጥ «ወረቀት አለው» የሚል ሻጭ ብዙ ነው። ወረቀቱ የሚነግራችሁ አያቱ ማን እንደሆነ ነው፤ ዳሌው ጤነኛ ስለመሆኑ ምንም አይልም። ጀርመን ሸፐርድ ለጥበቃ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዘቀውን ለፎቶ ተዉትና ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ውሰዱ፤ የወላጆቹን የዳሌ ራጅም ጠይቁ።

በገልፍ አገራት በሰው ቤት የምትሠሩ እኅቶቼ ደግሞ ይህን ያዙልኝ። ውሻ እንደኛ አያልብም፣ ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነው። ደፍጣጣ አፍንጫ ያለው ደግሞ ማለክለኩም አይሆንለትም። «ቀን አውጪው» ብትባሉ ማለዳ ወይም ማታ እንዲሆን ለምኑ። ቢወድቅባችሁ የሚወቀሰው አሠሪያችሁ አይደለም።

ለማራባት ያሰብከው ልጄ፣ የዲኤንኤ ምርመራ ርካሽ እየሆነ መጥቷልና ተጠቀምበት። ግን በጭፍን አይደለም። አንድ የተበላሸ ጂን የተሸከመ፣ ራሱ ያልታመመ ውሻ ካገኘህ ወዲያው አትጣለው። በሽታው ከሁለቱም ወላጅ ካልተወረሰ የማይወጣ ዓይነት ከሆነ፣ ከንጹሕ ጋር ብታገናኘው የሚታመም ቡችላ አይወለድም። ሁለት ተሸካሚ ካገናኘህ ግን በአማካይ ከአራቱ አንዱ ይታመማል። ተሸካሚውን ሁሉ ብታስወጣ ያቺው ጠባብ ዘር የባሰ ትጠባለች፤ ነገ ሌላ በሽታ ይወጣል። ሴቷንም አታድክማት። የእንግሊዙ ኬኔል ክለብ ከአንድ እናት ከአራት ጊዜ በላይ የተወለደ አይመዘግብም፤ ሁለት ጊዜ በኦፕራሲዮን የወለደች ከሆነችም ከዚያ በኋላ የምትወልደውን አይቀበልም። ይህ ሁሉ ወጪ ከትርፌ ይበልጣል ካልክ፣ ሒሳብህ ልክ ነው፤ ሥራውን ተወው።

አንቺ ደግሞ የነገዋ ሐኪም፣ ሥራሽ ከባድ ነው። ባለቤቱ እያንኮራፋ የገባ ፓግ ይዞ «ለክትባት ነው» ይልሻል። ክትባቱን ወግተሽ መሸኘት ይቀልሻል። ጠረጴዛው ላይ ግን ንገሪው፤ «ይህ ድምፅ በሽታ ነው» በይው። አይወድልሽም፤ ሌላ ክሊኒክ ሊሄድም ይችላል። ካርዱ ላይ «ለዝርያው የተለመደ» ብለሽ አትጻፊ። ያየሽውን ጻፊ፦ የአፍንጫው ቀዳዳ ምን ያህል እንደጠበበ፣ ሲራመድ ምን እንደሚሰማ፣ በስንት ደቂቃ እንደደከመ። የእናቱና የአባቱ ስም ከታወቀም አብሮ ይግባ። እንግሊዝ ውስጥ ሐኪሞች የሠሩትን የወሊድ ኦፕራሲዮንና የአካል ቅርጽ የሚለውጥ ቀዶ ሕክምና ለኬኔል ክለብ እንዲያሳውቁ መንገድ ተከፍቷል። እዚያ የምትሠሪ ከሆነ ቅጹን ሙዪ። እዚህ አገራችን ቅጽ የለም፤ ለራስሽ ደብተር ክፈቺ።