የወይራ ቅጠል፣ የብር ናኖ ቅንጣትና የአባትሽ ጥያቄ

ከደብረ ብርሃን ለጻፍሽልኝ እህቴ፦

በኬሚስትሪ ተመርቀሻል። ማስተርስ ገብተሽ በወይራ ቅጠል ጭማቂ የብር ናኖ ቅንጣት (በዓይን የማይታይ እጅግ ደቃቅ የብር ማዕድን ብናኝ) መሥራትና ጥርስ በሚያበሰብስ ባክቴሪያ ላይ መሞከር ትፈልጊያለሽ። አባትሽ «ቅጠል ለመቀጥቀጥ ነው ያስተማርሁሽ? ምን ሙያ ይዘሽ ትወጫለሽ? የባንክ ፈተና ተፈተኚ» ብለዋል። ዱባይ በሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እህትሽ ወጪሽን ልትችል ቃል ገብታለች። እንግሊዝኛሽ ይበቃ እንደሆነ፣ የአፍ መጉመጥመጫ ሠርተሽ መሸጥ ትችዪ እንደሆነም ጠይቀሻል።

አባትሽን ባከብራቸውም ቅጠሉን መናቃቸው ስሕተት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ የእንዶድን ምርምር የጀመሩት እንደ ፈረንጆቹ በ1964 አድዋ ውስጥ፣ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ የቢልሃርዚያ በሽታ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ስላዩ ነው። ብርም ቢሆን ለጥርስ ሕክምና እንግዳ አይደለም፤ የጥርስ መበስበስን የሚገታው ብር ያለበት ፈሳሽ፣ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ፣ በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

«ምን ሙያ ይዘሽ ትወጫለሽ?» ማለታቸው ግን ተገቢ ነው፤ መልሱም የመመረቂያ ሥራሽን በምትቀርጪበት መንገድ ይወሰናል። ጥርት ባለው የሲልቨር ናይትሬት (የብር ጨው) ፈሳሽ ላይ ጭማቂውን ስትጨምሪ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ ይሆናል፤ ናኖ ቅንጣት የመፈጠሩ ምልክት ነው። ብዙ ተማሪ በዚህ ልቡ ይሰረቃል። ከዚያ ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ በቅንጣቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበትን ክብ በማስመሪያ ይለካል፣ ጽሑፉን ያስጠርዛል፣ ሥራ ፍለጋ ይወጣል። ያ ክብ ግን ብቻውን ብዙ አይናገርም። ናኖ ቅንጣት በአጋር (ባክቴሪያው በሚያድግበት የረጋ ምግብ) ውስጥ እንደ ልብ ስለማይሰራጭ የክቡ ማነስ ድክመትን አያረጋግጥም። ሳይለወጥ የቀረ ሲልቨር ናይትሬት ደግሞ ራሱ ባክቴሪያ ይገድላል። ቅጠሉን ለብቻው፣ ሲልቨር ናይትሬቱን ለብቻው፣ የታወቀውን የአፍ ጀርም ገዳይ ክሎርሄክሲዲንንም ጎን ለጎን ካልሞከርሽ ገዳዩ የትኛው እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ? በዚያ ላይ ጥርስ የሚያበሰብሰው ባክቴሪያ ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ ጉዳት የሚያደርሰው ጥርስ ላይ ተለጥፎ፣ ከስኳር በሠራው ሙጫ ተሸፍኖ አሲድ እያመነጨ ነው። በፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፈውን የገደለ መጠን ሙጫው ውስጥ ያለውን ላይገድል ይችላል። መጠኑ ሲጨምር የድድን ሴል እንዳይጎዳም መፈተሽ አለበት።

ስለዚህ አንዱ አማካሪሽ የግድ ከማይክሮባዮሎጂ ይሁን፤ ባክቴሪያውንም ለሌላ ሰው ሰጥተሽ ሳይሆን ራስሽ አሳድጊ። እኔ በሠራሁበት የሆስፒታል ላቦራቶሪ እንዲህ ያሉትን ባክቴሪያዎች የምናሳድገው ከተዘሩባቸው ሳህኖች ጋር ማሰሮ ውስጥ ሻማ ለኩሰን ክዳኑን በመግጠም ነበር። ሻማው ኦክስጅኑን ቀንሶ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ጨምሮ ይጠፋል። ይህን የመሰለ ሥራ እጁ የለመደ ሰው በመድኃኒት ፋብሪካ፣ በምግብና ውኃ ጥራት ላቦራቶሪ፣ እንደ አርማወር ሐንሰን ባለ የምርምር ተቋምም ይፈለጋል። ናኖ የሚል ርዕስ ብቻውን አያስቀጥርም።

የእህትሽን ገንዘብ አትቀበዪ። በሰው ቤት ጉልበቷን ከፍላ ያገኘችው ነው፤ እሷም ነገ ወደ አገሯ ስትመለስ መቋቋሚያ ያስፈልጋታል። የእሷ ላብ ለአንቺ ትምህርት ሊውል ሲታሰብ ዝም ማለትሽ አላስደሰተኝም። በጥራት ቁጥጥር ክፍል ወይም በዩኒቨርሲቲ የላቦራቶሪ ረዳትነት ተቀጥረሽ ጀምሪ፤ ረዳቶቹን ለማስተርስ የሚልኩ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። እኔም ሁለተኛ ዲግሪዬን የያዝሁት እየሠራሁ ነው። ርዕሴን ስመርጥ ማንንም አላስፈቀድሁም።

ባንኩ ካልሳበሽ ይቅር። እንግሊዝኛሽ ለማንበብ ከበቃ ይበቃል፤ መጻፉን እየሠራሽ ታሻሽዪዋለሽ። የአፍ መጉመጥመጫ ሠርቶ መሸጥ ግን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ የሚጠይቅ ረጅም መንገድ ነው፤ ለአሁኑ አቆዪው። ቅጠሉን ስትሰበስቢ ናሙናውን ለብሔራዊ ሀርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማኅደር) አሳይተሽ የዕፅዋት ስሙን አስመዝግቢ። ከአካባቢው ሰው የምትሰሚውን ዕውቀት ከመጠቀምሽ በፊትም ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀም የወጣውን አዋጅ ቁጥር 482/1998ን አንብቢ።