ለባሌ ተራሮች ጉዞ የትኛው ምድጃ?

ጥያቄ፦ በመኪና ሄደን ሳነቴ አምባ ላይ ልናድር ነው። በቆርቆሮ የሚሸጠው የቡቴን ምድጃ ይበቃናል?

መልስ፦ አይበቃም። ቡቴን ቅዝቃዜው ወደ 0 ዲግሪ ሲጠጋ ወደ ጋዝነት መለወጥ ያቅተዋል፤ የሳነቴ ሌሊት ደግሞ ውርጭ ነው። ጠዋት ቆርቆሮውን ሲነቀንቁት ፈሳሹ ይንቦጫቦጫል፣ እሳቱ ግን ጭል ጭል ብሎ ይጠፋል። መኪና ስላለዎት ክብደት አያሳስብዎት፤ በውርጭም ወደ ጋዝነት የሚለወጠው ፕሮፔን የተቀላቀለበት ጋዝ የተሞላ አነስተኛ ሲሊንደር ይያዙ። የጋዝ ጎማውን (ቱቦውን) ከሲሊንደሩ ጋር ገጥመው መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ይቀቡት፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ ያፈሳል፣ ያጥብቁት። የተሰነጣጠቀ ጎማ ግን ይቀየር እንጂ አይጠገንም። በጉዞ ላይ ቫልቩ ተዘግቶ፣ ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ይታሰር።

ከ4,000 ሜትር በላይ ውሃ በ87 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ምስር አልበስል ይላል፤ ፕሬዠር ኩከር ይጨምሩ። ንፋሱ ቢበረታም እንኳ መኪና ወይም ድንኳን ውስጥ በፍጹም አያብስሉ፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል።