ሪሴት ከማድረግህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ከተከልካቸው የውሃ ታንከር ሴንሰሮች ግማሾቹ ዝም አሉ፣ ግማሾቹ የማይመስል ቁጥር ይልካሉ። «ሁሉንም ሪሴት ባደርጋቸው ይበቃል ወይ?» ነው ያልከው። አቦ ተው፣ አይበቃም። እኔም እንደዛ አድርጌ ብዙ ቀን አቃጥያለሁ።

ከድሬ ወጣ ብሎ ባለ የማንጎ እርሻ 24 የአፈር እርጥበት ሴንሰሮች ነበሩኝ። በ802.15.4 (ትንሽ ኃይል በሚበቃው የአጭር ርቀት) ሬዲዮ እየተቀባበሉ ዳታውን ሰብሳቢው መሣሪያ፣ ጌትዌዩ ጋ ያደርሳሉ። አንድ ጠዋት 9ኙ ጠፉ። ባትሪ መስሎኝ ሁሉንም አጥፍቼ አበራሁ። ግማሽ ቀን ሠሩና ያው ሆነ። ፓምፑ የሚታዘዘው በሴንሰሮቹ ዳታ ስለነበር፣ በዚያ ሙቀት ውሃ ያጡት ችግኞች ቅጠላቸው ተጠቀለለ፤ እሱን ማየት በጣም ያማል።

የጌትዌዩን ሎግ (የሥራ መዝገብ) ቁጭ ብዬ ሳየው የጠፉት ሁሉ ዳታቸውን የሚያሳልፉት በአንድ ኖድ (ሬዲዮ ባለው ሴንሰር) በኩል ነው። አጥሩ ጥግ ያለው 17 ቁጥር። «አጭሩ መንገድ በእኔ በኩል ነው» እያለ ጎረቤቶቹን ወደ ራሱ ይስባል፤ የተቀበለውን ግን አያሳልፍም። ሲንክሆል የሚባለው ጥቃት ይኼ ነው። ሄጄ ሳጥኑን አየሁት። የብሎኖቹ ራስ ተፍቋል፤ የቀባሁት ሲሊኮን በምላጭ ተቆርጧል። ለ24ቱም አንድ ቁልፍ (ዳታው የሚመሰጠርበት ሚስጥራዊ ቁጥር) ነበር የሰጠኋቸው፤ ቺፑም እንዳይነበብ አልቆለፍኩትም። ሳጥኑን የከፈተው ሰው ቁልፉን ከቺፑ አነበበ፤ ምስጠራውን፣ ኤኢኤስ-128ን፣ መስበር እንኳ አላስፈለገውም።

አሁን ዋናው ነገር። አዲስ ቁልፍ በሬዲዮ አትላክ። እኔ ልኬ ነበር። አዲሱ ቁልፍ የሄደው በአሮጌው ኢንክሪፕት ተደርጎ ነው፤ አሮጌውን የያዘ ሰው አዲሱንም አነበበው። በማግስቱ እንደገና ተጠቃሁ። ላፕቶፕና የፕሮግራሚንግ ኬብል ይዘህ እያንዳንዱ ኖድ ጋ በእግርህ ሂድ። ፈርምዌሩን (የኖዱን የውስጥ ፕሮግራም) ካንተ ኮፒ አዲስ ጫን፣ ለየኖዱ የራሱን ቁልፍ ስጠው፣ ቺፑን እንዳይነበብ ቆልፈው። የተከፈተውን ኖድ ከጌትዌዩ ዝርዝር ሰርዘው። ጎህ ሲቀድ ጀምር፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ፀሐዩን አትችለውም።

ሪሴቱን ተው ያልኩህ በሌላም ምክንያት ነው። ለእያንዳንዱ መልእክት ተራ ቁጥር የሚሰጠው ቆጣሪ ኃይል ሲቋረጥ በማይጠፋ ሜሞሪ ላይ ካልተቀመጠ፣ ኖዱ ሲነሳ ከዜሮ ይጀምራል። ጌትዌዩ መልእክቱን «ይኼ የድሮ ነው» ብሎ ይጥለዋል። ብዙ ሰው ያኔ ተማርሮ የቆጣሪውን ቁጥጥር ያጠፋዋል። እንዳታጠፋው! ካጠፋኸው ባለፈው ሳምንት የተቀዳ መልእክት ዛሬ ተመልሶ ይላክብሃል፤ ታንከሩ ባዶ ሆኖ ሙሉ ነው ይልሃል። እነዚያን የማይመስሉ ቁጥሮችህን ከድሮ ዳታህ ጋር አስተያያቸው። ቁርጥ ያው ከሆኑ እየተደገሙብህ ሊሆን ይችላል።

ዛሬውኑ ሎጉን ሌላ ቦታ ኮፒ አድርግ፣ ፓምፑንም ወደ ማንዋል መልሰው። ከዚያ የትኛው ኖድ በማን በኩል እንደሚያልፍ እዚህ ለጥፍልን፤ ማታ አብረን እናየዋለን።