ዎክን የማይቆጥር መለኪያ

ዳታ ሳይንስ የምትማር አንዲት ልጅ፣ «ጋሼ፣ የቤዝቦል ቡድን ማጥቃቱን በምን ልለካው?» ብላ ጠየቀችኝ። ለክፍል ሥራዋ ነው። እኔን ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ሜሪላንድ ውስጥ ለአንድ የሰፈር ልጆች ቡድን ውጤት እመዘግብ ነበር። ከሐበሻ ቤተሰብ የተወለደ አንድ ልጅ ነበረን። ቀጭን ነው፣ ዝምተኛ ነው፤ ዓይኑ ግን ይገርማል። የተበላሸ ኳስ አይነካም። ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) አራት መጥፎ ኳስ እስኪወረውርለት ይታገሥና በዎክ፣ ማለትም ሳይመታ በነጻ፣ አንደኛ ቤዝ (የመጀመሪያው ማረፊያ) ይገባል። ከኋላው ያለው ሲመታ ሮጦ ራን (ነጥብ) ያስቆጥራል። ባቲንግ አቬሬጁ (መትቶ ቤዝ የደረሰበት መጠን) ግን ዝቅተኛ ነበር፤ ያ ስሌት ዎክን ከነጭራሹ አይቆጥርም። ወረቀቴን ይዤ አሠልጣኙ ዘንድ ሄድኩ። «ከሁሉም በላይ ቤዝ ላይ የሚወጣው እሱ ነው» አልኩት። «ልጁ አይመታም» አለና ወንበር ላይ አስቀመጠው። አባቱ ሥራ ስለሚበዛበት አልፎ አልፎ ነበር የሚመጣው። በመጣ ቁጥር ልጁን ተቀምጦ ያየዋል። በሚቀጥለው ዓመት ልጁ አልተመዘገበም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ነገሩ እኮ አዲስ አልነበረም። ብሩክሊን ዶጀርስ የተባለው የአሜሪካ ቡድን አለን ሮት የተባለ የስታቲስቲክስ ባለሙያ የቀጠረው በ1947 እ.ኤ.አ. ነው። ሜጀር ሊግም (የአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ) ኦን ቤዝ ፐርሰንቴጅን፣ ማለትም ዎክንም ቆጥሮ ተጫዋቹ ቤዝ ላይ የሚወጣበትን መጠን፣ በ1984 በይፋ ተቀብሎታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቡድን በዘጠኝ ኢኒንግ (ዙር) ያለው 27 አውት (ተጫዋች ከማጥቃት የሚወጣበት) ብቻ ነው። አውት ያልሆነ ሰው ለቀጣዩ ዕድል ያቆያል።

ለቡድን ከሆነ መጀመሪያ በጨዋታ ስንት ራን እንዳስቆጠረ እዩ። ከዚያ የሚበልጥ የለም። ግን እሱም ብቻውን ያሳስታል። የኮሎራዶ ሮኪስ ቡድን ሜዳ ዴንቨር ነው፣ ከፍታው 1,600 ሜትር ገደማ። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱ ይርቃል፤ እንግዳው ቡድንም ይጠቀምበታል። አዲስ አበባ ቢጫወቱ ደግሞ ምን ሊሆን ነው እላለሁ አንዳንዴ፤ የእኛማ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው።

ኦፒኤስን (ቤዝ ላይ የመውጣትና የምት ኃይል መለኪያዎች ድምር) ሁሉም ይወደዋል፣ ለመደመር ቀላል ነው። ነገር ግን ቤዝ ላይ መውጣትንና የምት ኃይልን እኩል ያያቸዋል፤ ለራን የሚበልጠው መውጣቱ ነው። እኔ እያንዳንዱን ድርጊት በራን ዋጋው መመዘንን እመርጣለሁ። ዎክ ወደ 0.3፣ ሆም ራን (መቺው ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ የሚጨርስበት ምት) ወደ 1.4 ራን ይገመታል።

የዛሬ ልጆች ኮዱን በአንድ ሌሊት ትጨርሱታላችሁ። ጨዋታውን ቁጭ ብሎ ማየት ግን ይሰለቻችኋል። ሁላችሁም አይደላችሁም፤ ይቺ የጠየቀችኝ ልጅ ስታዲየም ትገባለች።

የኔ ልጅ፣ የቡድኑን የሜዳውንና የውጭ ጨዋታውን ለየብቻ አስልተሽ ላኪልኝ፤ አየዋለሁ።