ጥያቄና መልስ፦ የአዳምና የሔዋን ነገር

ከዳንግላ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ልጃችን ኅዳር 12 ተወለደች። ካህኑ ክርስትናዋ የካቲት 1 ነው አሉን፤ አያቷ ደግሞ የካቲት 2 ነው ብለው ተከራከሩ። ማን ነው ልክ? ለመሆኑ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 የሚሆነውስ ለምንድን ነው?

ካህኑ ልክ ናቸው። የተወለደችበት ቀን ራሱ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ከኅዳር 12 እስከ 30 ያለው 19 ቀን ነው፤ ታኅሣሥና ጥር 60 ሲጨመሩበት 79፣ የካቲት 1 ላይ 80 ይሞላል። አያትዬው የልደቷን ቀን ስለዘለሉት ነው አንድ ቀን ያለፉት። በዓላቱም የሚቆጠሩት እንዲሁ ነው፦ ጌታ ታኅሣሥ 29 ተወልዶ ወደ ቤተ መቅደስ የገባበት በዓል የካቲት 8 ነው፤ ከልደቱ ቀን ጀምረው ቢቆጥሩ 40 ይመጣል።

ለሚቀጥለው ልጅ ጣት ማጠፍ እንዳያስፈልግዎ፦ ለወንድ አንድ ወር ከ9 ቀን፣ ለሴት ሁለት ወር ከ19 ቀን በልደቱ ላይ ይደምሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጳጉሜን መሐል ስትገባ ነው። ያን ጊዜ ከተገኘው ላይ 5፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ከሆነ 6 ይቀንሱ። ነሐሴ 10 የተወለደ ወንድ ክርስትናው መስከረም 19 ሳይሆን መስከረም 14 ነው። ሕፃን ታሞ የሚያሰጋ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ቁጥር አይጠበቅም፤ ወዲያው ለካህን ይነገር።

ምክንያቱን ኦሪት ዘፍጥረት ላይ ቢፈልጉ አያገኙትም፤ ያለው መጽሐፈ ኩፋሌ ምዕራፍ 3 ላይ ነው። አዳም በተፈጠረበት ምድር 40 ቀን ከፈጸመ በኋላ ወደ ገነት ገባ፣ ሔዋን ግን የገባችው በ80ኛው ቀን ነው ይላል። በመጀመሪያው ሳምንት አዳም ተፈጠረ፤ ሔዋንን ያየው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ለወለደች እናት ያዘዘውን የመንጻት ቀን ኩፋሌ ከዚህ ጋር ያያይዘዋል፦ ለወንድ 7 ቀንና 33 ቀን፣ ለሴት 14 ቀንና 66 ቀን። አይሁድም የዘሌዋውያንን ሕግ ያውቁታል፤ ነገር ግን ቀኑ ሲሞላ መሥዋዕቱ የሚቀርብበት ቤተ መቅደስ እ.ኤ.አ. በ70 ስለፈረሰ ያ ክፍል ቀርቷል። ኩፋሌንም ረቢዎቹ ከቅዱሳት መጻሕፍት አልቆጠሩትም። በቤተ እስራኤልና በእኛ ቤተ ክርስቲያን ግን ይነበባል። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ሲሆን፣ የዕብራይስጡ ቁርጥራጭ በሙት ባሕር አጠገብ ካሉት ከቁምራን ዋሻዎች ወጥቷል።

ከደብረ ማርቆስ፦ እኛ በባሕረ ሐሳብ (በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ስሌት) ከአዳም እስከ ዘንድሮ 2018 ድረስ 7518 ዓመት እንላለን። አይሁድ ግን ባለፈው መስከረም 12 ማታ 5786ን ጀመሩ። 1732 ዓመት የት ገባ?

አብዛኛው የጠፋው ዘፍጥረት ምዕራፍ 5 እና 11 ላይ ነው። በዕብራይስጡ አዳም ሴትን ሲወልድ 130 ዓመቱ ነበር፤ በሰብዓ ሊቃናት (በጥንቱ የግሪክ) ትርጉምና እሱን በተከተለው ግእዝ 230። ሁለቱም አዳምን 930 ዓመት ላይ ያደርሱታል፤ ከልጁ በኋላ የኖረውን አንዱ 800፣ ሌላው 700 ያደርገዋል። እንዲህ ያለ የመቶ ዓመት ልዩነት ከጥፋት ውኃ በፊት በስድስት አባቶች (አዳም፣ ሴት፣ ሄኖስ፣ ቃይናን፣ መላልኤል፣ ሄኖክ)፣ ከውኃው በኋላም ከአርፋክስድ እስከ ሴሩሕ ባሉ በሌሎች ስድስት ላይ አለ። ድምሩ 1200። ሰብዓ ሊቃናት ከአርፋክስድ ቀጥሎ በዕብራይስጡ የሌለ ሁለተኛ ቃይናን አስገብተው 130 ይጨምራሉ። ከቀረው ውስጥ አንዱ ክፍል ረቢዎቹ የፋርስን ነገሥታት ዘመን እጅግ አሳጥረው መቁጠራቸው ነው። ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት የምንቆጥረው የእኛ 5500 ደግሞ በቁጥር ብቻ የመጣ አይደለም፤ «በአምስት ቀን ተኩል ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ» ከሚለው ለአዳም ከተሰጠ ተስፋ ጋር የተያያዘ ነው፤ አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ተቆጥሮ።

የዓመቱን ወንጌላዊና መስከረም 1 የሚውልበትን ቀን በባሕረ ሐሳብ ለማስላት ከፈለግህ፦ 7518 ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ስለዚህ ዘመነ ማርቆስ ነው። 7518 እና 1879 ተደምሮ 9397 ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፤ መስከረም 1 የዋለው ሐሙስ ነበር። ጀማሪዎች 1ን ሰኞ ያደርጉና ዓመቱን ሁሉ በአንድ ቀን ያዛቡታል።

ከሰከላ፦ ግዮን ከገነት ይወጣል ከተባለ፣ ግሽ ዓባይ ያለችበት አገራችን ገነት ነበረች ማለት ነው?

ጽሑፉ እስከዚያ አይሄድም። ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ከዔደን አንድ ወንዝ ወጥቶ ለአራት ተከፈለ፣ ሁለተኛው ግዮን የኢትዮጵያን ምድር ይከብባል ነው የሚለው። በዕብራይስጡ የአገሩ ስም ኩሽ ነው። ግዮን ዓባይ መሆኑን በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የነበረው አይሁዳዊ የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍም ጽፏል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ የኖረው ታላቁ የአይሁድ ተርጓሚ ራሺ ግን ዓባይን ግዮን ሳይሆን የመጀመሪያው ወንዝ፣ ኤፌሶን ነው ይላል። ስለዚህ «አይሁድ እንዲህ ይላሉ» ብሎ በአንድ ቃል መደምደም አይቻልም።

ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ጤግሮስና ኤፍራጥስ የሚነሡት ከቱርክ ተራሮች ነው፣ ከዓባይ ጋር በአንድ ምንጭ አይገናኙም። ለዚህ ቅዱስ ኤፍሬም በ4ኛው ክፍለ ዘመን መልስ ሰጥቶበታል፦ ወንዞቹ ከገነት ወርደው ከምድር በታች ሄደው በየአገሩ ይፈልቃሉ። በዚህ አነጋገር የግሽ ምንጭ ግዮን የሚወጣባት በር ናት እንጂ ገነት አይደለችም። «ይከብባል» የሚለውን ግን የጎጃም ሰው ከማንም ይልቅ ያውቀዋል፤ ዓባይ ከጣና ወጥቶ በምሥራቅና በደቡብ አገሩን ዞሮ ነው ወደ ምዕራብ የሚወርደው።

ከባሕር ዳር፦ አዳም ከሔዋን በፊት ሊሊት የምትባል ሚስት ነበረችው የሚባለው እውነት ነው? ወንድስ አንድ ጎን ይጎድለዋል?

ዘፍጥረት ውስጥ የለችም፣ ኩፋሌ ውስጥም የለችም። የመጀመሪያ ሚስቱ ነበረች የሚለው ተረት በመካከለኛው ዘመን በተጻፈ አንድ የአይሁድ የቀልድና የምሳሌ መጽሐፍ ላይ ነው የሚገኘው። የጎን አጥንት በወንድም በሴትም 24 ነው፤ አንድ ሰው አጥንት ቢወጣለት ልጆቹ ጎድሏቸው አይወለዱም።

ከሞጣ፣ ከአንድ ሠዓሊ፦ የአዳምንና የሔዋንን ሥዕል ታዝዣለሁ። ፍሬውን ፖም ላድርገው?

አያድርጉት። ፖም ከአውሮፓ ሠዓሊዎች የመጣ ነው። ዘፍጥረት የዛፉን ዓይነት አይናገርም፤ በታልሙድ (በአይሁድ የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ) ሦስት ረቢዎች ወይን፣ ስንዴና በለስ ብለው ተለያይተዋል፤ መጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 32 ፍሬው የወይን ዘለላ ይመስላል ይላል። በእኛ ትውፊት ዕፀ በለስ ነው። ቅጠሉን ሲሥሉ ከሦስት እስከ አምስት ጣት ያለው ሰፊ ቅጠል ያድርጉት። ዋርካና ሾላ ወገኑ ቢሆኑም ቅጠላቸው ጣት የለውም። እሾሃማው የበለስ ቁልቋል ከአሜሪካ የመጣ ስለሆነ ጭራሽ አይገባም።

ልብሱ ላይም ይጠንቀቁ። ከመብላታቸው በፊት ራቁታቸውን ነበሩ፣ ከበሉ በኋላ የበለስ ቅጠል ሰፉ፣ ከመባረራቸው በፊት ግን ፈጣሪ የቁርበት ልብስ አልብሷቸዋል (ዘፍ. 3፥21)። ስለዚህ ከገነት ሲወጡ ቅጠል ለብሰው የሚታዩበት ሥዕል ከጽሑፉ ጋር አይሄድም። እባቡም በሆዱ እንዲሄድ የተረገመው ከዚያ በኋላ ነው። ከፍሬው አጠገብ ቆሞ ቢሥሉት የሚቃወምዎት የለም፤ አይሁድም በትርጓሜያቸው እግሩ የተቆረጠው በእርግማኑ ጊዜ ነው ይላሉ።