ከአንገረብ ግድብ ሥር ትራውት ይገኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የጎንደር ልጅ ነኝ፣ አዘዞ ነው የምኖረው። አጎቴ ከውጭ ሲመጣ የአሳ ማጥመጃ ዘንግ አመጣልኝ። በትል ሳይሆን ከላባ በተሠራ ዝንብ የሚጠመድበት ዓይነት ነው። እሱ ባለበት አገር ሰዎች ከግድብ በታች ወንዝ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ትራውት የሚባል አሳ ያጠምዱበታል አለኝ። እኛም አንገረብ ግድብ አለን። ከሥሩ ብሞክር ምን ይመስልዎታል? ትራውት ከሌለስ አስመጥቶ መልቀቅ አይቻልም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቁርጡን ልንገርህ። አንገረብ ላይ ትራውት የለም። ከግድቡ በላይም የለም፣ በታችም የለም። አገራችን ውስጥ ትራውት የምታገኘው ባሌ ነው። ከ50 ዓመት በፊት ከኬንያ መጥቶ ወይብንና ዳንካን በመሳሰሉ የተራራ ወንዞች ተለቀቀ፣ እዚያው ተራብቶ ቀረ። እኔም አንድ ጊዜ ዲንሾ ድረስ ሄጄ ሞክሬያለሁ፤ ከአዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ጠዋት ወንዙ ውስጥ ስገባ እግሬ ደነዘዘ፣ ጣቴ ክር መቋጠር አቃተው። ትራውት የሚወደው እንዲህ ያለውን ውኃ ነው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲያልፍ መጨነቅ ይጀምራል፣ 25 አካባቢ ሲደርስ አብዛኛው አይተርፍም።

አጎትህ የነገረህ እውነት ነው፣ ምክንያትም አለው። ጥልቅ ግድብ ውስጥ የላይኛው ውኃ በፀሐይ ይሞቃል፣ ቀዝቃዛው ደግሞ ከባድ ስለሆነ ታች ይተኛል። ግድቡ ከሥር በኩል ውኃ ሲለቅ ወንዙ ሙቀት በሆነበት ወር እንኳ ቀዝቃዛ ውኃ ያገኛል። ደለሉም ከግድቡ ውስጥ ስለሚቀር ውኃው ይጠራል። ድንጋዩ ሥር ጥቃቅን ነፍሳት ይፈላሉ፣ ትራውቱ እነሱን እየለቀመ ይወፍራል። እዚያ የሚጠመድበት ዝንብ ብዙ ጊዜ ከስንዴ ፍሬ የሚያንሰውም ለዚህ ነው። አንድ አደጋ ግን አለው፣ ግድቡ በድንገት ሲከፈት ቁርጭምጭሚት ላይ የነበረው ውኃ ወገብ ላይ ይደርሳል።

አንገረብ ግን የተገደበው ለከተማችን መጠጥ ነው። ውኃው ወደ ቧንቧ ነው የሚሄደው እንጂ ወንዙን ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ አድርጎ የሚያቆይ አይደለም። ከየተራራው የሚታጠበው አፈርም ሆዱን ሞልቶታል። ደግሞ ሕዝብ የሚጠጣው ውኃ ዳር ዘንግ ይዘህ ባትንጎራደድ ደስ ይለኛል።

አስመጥቶ መልቀቅ ላልከው፣ እባክህ ይህን ሐሳብ ከልብህ አውጣው። አንገረብ መገጭ ይገባል፣ መገጭ ጣና ይገባል። በዓለም ላይ ከቦታቸው ውጭ ተለቀው ከባድ ጉዳት ያደረሱ 100 ፍጥረታት ተብለው ከተዘረዘሩት ውስጥ ሁለት የትራውት ዓይነቶች፣ ቡናማውም ባለ ቀስተ ደመናውም፣ አሉበት። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ የሚባል ሐይቅ አለ። እንደ ጣና የራሱ የሆኑ፣ ሌላ ቦታ የማይገኙ ብዙ የአሳ ዘሮች ነበሩት። የባዕድ አሳ ተለቆበት እነዚያ ዘሮች ጠፉ ማለት ይቻላል። የእኛዎቹ ግን እስካሁን አሉ። ጣና ውስጥ በተለምዶ ነጭ አሳ የምንላቸው በተመራማሪ ዓይን አንድ አይደሉም፣ 15 የሚሆኑ ዘሮች ናቸው። ከእነሱም 8ቱ ሌላ አሳ አድነው የሚበሉ ናቸው። አፋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም እኮ! ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። እንዲህ ሆነው አሳ አሳደው ይውጣሉ።

እና ከነዚህ አዳኞች አንዱን የሆላንድ ተመራማሪዎች ሲሰይሙት «ትሩቲፎርሚስ» አሉት። ትራውት የሚመስል ማለት ነው። ሰውነቱ ሾል ያለ ነው። አየህ፣ አንተ ከባሕር ማዶ ልታስመጣ ያሰብከው ዓይነት አሳ ጎረቤትህ ነው የሚኖረው፣ ያውም ከጣና በቀር የትም አገር የለም።

እነዚህ የጣና አሳዎች ግን አሁን ችግር ላይ ናቸው። ክረምቱ ሲጠነክር ከሐምሌ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ብዙዎቹ ዘሮች ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ድርማ ይነጉዳሉ። የሚፈልጉት ንጹሕ ውኃ የሚፈስበት ጠጠር ነው፣ እንቁላላቸውን እዚያ ይጥላሉ። ወንዙ አፍ ላይ ሲሰበሰቡ መረቡ ይጠብቃቸዋል። ከፍ ብለው ትንንሾቹ ጅረቶች ውስጥ ሲገቡ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃው ውስጥ የሚበትን ሰው አለ፤ ትልቁም ትንሹም ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ከዚያ የተረፈው ጠጠሩ በአፈር ተሸፍኖ ያገኘዋል። ርብ ላይ ግድብ ተሠርቷል፣ መገጭ ላይም የግድቡ ሥራ ተጀምሮ ዓመታት አልፈዋል። ግድብ ለገበሬው መስኖ ነው፣ ያስፈልጋል፣ አልከራከርም። ግን አሳው በግድብ ላይ ዘሎ አያልፍም፣ ስለዚህ ከግድቡ በታች የቀረችው ጠጠር እንደ ዓይን ብሌን መጠበቅ አለባት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ብቻ የእነዚህ አሳዎች ክምችት ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ቀንሷል።

ስለዚህ ዘንግህን አልጥልብህም፣ ጊዜ ልስጠው ነው የምልህ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወንዝ አትውረድ። በእነዚያ ወራት ሜዳ ላይ ተለማመድ። መንጠቆ አታስር፣ ጫፉ ላይ የቀይ ክር ቁራጭ እሰር። በተለመደው መንጠቆ ክሩን የሚወስደው የእርሳሱ ክብደት ነው። በዚህኛው ግን ዝንቡ ክብደት የለውም፣ የሚወረወረው ወፍራሙ ክር ራሱ ነው። ወደ ኋላ አንሳ፣ ክሩ ከኋላህ ተዘርግቶ እስኪያልቅ ጠብቅ፣ ከዚያ ወደ ፊት። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው መጠበቁ ላይ ነው። ይቸኩልና ክሩ እንደ ጅራፍ ይጮኻል። ጅራፍ ሲጮኽ ከሰማህ፣ ቶሎ መልሰኸዋል ማለት ነው።

ዝንቡንም ራስህ ሥራው። ለዶሮ ወጥ አውራ ዶሮ ሲታረድ እናትህን ከአንገቱ ላይ ረዥሙን ላባ ለምናቸው። መንጠቆውን በፒንሳ ያዝ፣ ነጭ የፍየል ጠጉር ቁንጥር አድርገህ ወደ ኋላ እሰር፣ ላባውን ከመንጠቆው አንገት በታች ሦስት ጊዜ ጠምጥም፣ በስፌት ክር ቋጥር፣ ቋጠሮውን በጥፍር ቀለም ቀባው። ውኃ ሲነካው ጠጉሩ ተጣብቆ ትንሽ አሳ ይመስላል። የመንጠቆውን ምላስ በፒንሳ ጨፍልቀው፣ አሳውን ሳትቀድ ታወጣዋለህ።

ከኅዳር ወዲህ ጎርጎራ ውረድ፣ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ የአካባቢውን አሳ አጥማጆች ጠይቅ፣ ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነም የወረዳውን ግብርና ቢሮ። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ፣ ድንጋይ ካለበት ዳር ወርውር፣ ክሩን በግራ እጅህ ቶሎ ቶሎ ሳብ አድርግ፣ አቁም፣ ሳብ አድርግ። ስትይዝ እጅህን ውኃ ውስጥ ነክረህ ንካው፣ ደረቅ እጅ የሚያዳልጠውን ሽፋኑን ይገፈዋል። እንቁላል የያዘች ከሆነች ልቀቃት።

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው የምኖረው፣ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ነጭ አሳ ርካሽ ሲሆን እገዛለሁ፣ ግን ሥጋው ውስጥ ያለው ቀጭን እሾህ ልጆቼን አስፈራቸው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እሾሁ የዘሩ ነው፣ ለቅመሽ አትጨርሺውም። ሥጋውን ከቆዳው ሳትለዪ ጠፍጣፋ አድርገሽ አስቀምጪና በስለት ቢላ በጣም አቀራርበሽ ሸንትሪው፣ ቆዳው ላይ ስትደርሺ አቁሚ። ቢላው እሾሁን ሲቆርጥ ጠጭ ጠጭ ሲል ይሰማሻል። ከዚያ ጨውና ሎሚ፣ ዱቄት ነካ፣ በደንብ የጋለ ዘይት። የተቆራረጠው እሾህ ይጠበስና ይፈረፈራል። ለትንሹ ልጅሽ ግን ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ግዢለት፣ እሱ እሾሁ ትልልቅ ነው፣ በእጅ ይወጣል።