ማስመሪያው ላይ የሚቆጠረው የቱ ነው? ስለ ልጆችና ስለ ርዝመት የመጡ ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከወላጆችና ከመምህራን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ርዝመት ልኬት ናቸው። አልገረመኝም። ትንሽ ልጅ መደመርን በጣቶቹ ይወጣዋል። ማስመሪያ ሲይዝ ግን እጁ ማስመሪያውን አጥብቆ መያዝ፣ ዓይኑ ሁለቱንም ጫፍ ማየት፣ አእምሮው መቁጠር አለበት፤ ሦስቱም በአንድ ጊዜ። የታችኛውን ክፍል ለዓመታት ሳስተምር ያየሁትን ይዤ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ አንደኛ ክፍል ናት። እርሳስ ለክታ ስትነግረኝ መልሷ ሁልጊዜ በአንድ ይበልጣል። 7 ሳንቲ ሜትር የሆነውን 8 ትላለች። ቁጥር ጠንቅቃ ታውቃለች። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ልጅዎ በደንብ ቆጥራለች፤ የቆጠረችው ግን መስመሮቹን ነው። እስኪ ማስመሪያውን ያንሱና ከ0 እስከ 7 ያሉትን ረጃጅም መስመሮች በጣትዎ እየነኩ ይቁጠሩ። 8 ናቸው። በመካከላቸው ያሉት ክፍተቶች ግን 7 ናቸው። ሳንቲ ሜትር ማለት ክፍተቱ ነው። መስመሩ አንዱ ሳንቲ ሜትር አልቆ ሌላው የሚጀምርበት ወሰን ብቻ ነው፤ በሁለት ማሳዎች መካከል እንዳለ ድንበር ማለት ነው። ማሳ ሲቆጠር ድንበሩ አይቆጠርም።

ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል። ልጅ መቁጠር የተማረው «አንድ» ብሎ ነው፤ ስለዚህ የእርሳሱን ጫፍ 1 ላይ ቢያሳርፍ አይፈረድበትም። እንዲህ ሲሆንም ያው 7 የነበረው 8 ሆኖ ይነበባል። በብዙ ማስመሪያዎች ላይ ደግሞ 0 ያለው ከጫፉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ነው፤ ከፕላስቲኩ ጫፍ የሚጀምር ልጅ በዚያችው ልክ ያሳንሳል። ስለዚህ ስትለካ አጠገቧ ይቀመጡና ከየት እንደጀመረች ይዩ። የመጨረሻ መልሷን ብቻ አይተው «ተሳስተሻል» ቢሏት የት እንደተሳሳተች አታውቅም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከካርቶን 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ይቁረጡና በየሳንቲ ሜትሩ ያስምሩበት። ቁጥር አይጻፉበት። ክፍተቶቹን አንዱን ቀይ፣ ቀጣዩን ቢጫ እያደረገች እሷው ትቀባ። ከዚያ እርሳሱን አጠገቡ አስተኝታ ቀለሞቹን ትቁጠር። ጥቂት ቀን እንዲህ ከለካች በኋላ ቁጥሩን አብራችሁ ጻፉበት፤ 1 ቁጥርን የመጀመሪያው ቀለም በሚያልቅበት ቦታ ላይ።

በመጨረሻ ጫፉ የተሰበረ ማስመሪያ ይስጧት፤ ከ3 የሚጀምር ይሁን። እርሳሱ ከ3 ተነሥቶ 10 ላይ ቢያልቅ ስንት ነው? «10» ካለች የምታየው ጫፉ ላይ ያለውን ቁጥር ነው፤ መለካቱ ገና ነው። አንድ ተማሪዬ ይህን ስጠይቀው ብዙ ዝም አለ። ከዚያ በአውራ ጣቱ ጥፍር ክፍተቶቹን አንድ በአንድ እየተጫነ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሄደና «ሰባት» አለ፤ ወዲያው ደግሞ ማስመሪያውን ገልብጦ ከኋላው የቀረ ነገር እንዳለ ተመለከተ። ያን ቀን ልጁ መለካት እንደገባው አወቅሁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ከባሕር ዳር ወጣ ባለች የገጠር ከተማ ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ 60 ተማሪዎች አሉኝ። ያሉኝ ማስመሪያዎች 5 ናቸው። ልጆቹን በስንዝርና በክንድ ሳስለካ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «መጽሐፉ የሚለው ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለምን ወደ ኋላ ትመልሳቸዋለህ?» አለኝ። ተሳስቻለሁ? (መምህር)

መልስ፦ አልተሳሳቱም። እንዲያውም ቸኩለው ወደ ሳንቲ ሜትር የሚሮጡት ናቸው ልጆቹን የሚጎዱት። ስንዝር (ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ)፣ ክንድ (ከክርን እስከ መሐል ጣት ጫፍ)፣ ጋት (የአራት ጣት ስፋት) ልጁ ከቤቱ ይዟቸው የመጣ ቃላት ናቸው። መለካት ማለት አንድን ነገር በእኩል ቁርጥራጮች መሸፈን መሆኑን በእነዚህ ይማረዋል። ግን እዚያ ላይ እንዳያቆሙ አደራ።

እንዲህ ያድርጉ። ጠረጴዛዎን በራስዎ ስንዝር ይለኩና ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ይጻፉ፤ 6 ሆነ እንበል። ከዚያ ከክፍሉ በቁመት ትንሿን ልጅ ጠርተው ያስለኩ። 9 ወይም 10 ትላለች። ክፍሉ ይንጫጫል፤ ይንጫጫ። ማን ተሳሳተ? ጠረጴዛው አላደገም፤ እሷም በትክክል ቆጥራለች። ቀጥለው ጨርቅ በክንድ የሚሸጡ ሁለት ነጋዴዎች ቢኖሩ፣ አንዱ ክንደ ረጅም ሌላው ክንደ አጭር ቢሆንና ዋጋቸው እኩል ቢሆን ከየትኛው እንደሚገዙ ይጠይቋቸው። ለሁሉም አንድ የሆነ መለኪያ ለምን እንዳስፈለገ ራሳቸው ይነግሩዎታል።

የሜትር ታሪክም ከዚህ የራቀ አይደለም። በፈረንሳይ አገር የየአካባቢው መለኪያ እየተለያየ ሰው ስለተቸገረ፣ በ1791 (እ.ኤ.አ.) የአገሪቱ ሊቃውንት መለኪያው ከማንም ንጉሥ ክንድ ሳይሆን ከምድር ይወሰድ አሉ። ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት ለ10 ሚሊዮን ተከፍሎ አንዱ እጅ ሜትር ተባለ። ደላምብርና ሜሼን የተባሉ ሁለት ሰዎች ከደንከርክ እስከ ባርሴሎና ያለውን መሬት ለመለካት ዓመታት ፈጀባቸው። ይህን ለልጆቹ እንደ ተረት ቢያወሩላቸው ይወዱታል።

ማስመሪያ ስለማጣት አይጨነቁ። የጠርሙስ ቆርኪ ይሰብስቡ፤ መጠናቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ወርዳቸው ከ3 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ልጆቹ ቆርኪዎቹን በደብተራቸው ጠርዝ ላይ ይደርድሩ። ሁለት ነገር ብቻ ይቆጣጠሩ፦ በመካከላቸው ባዶ ቦታ እንዳይተዉ፣ አንዱን በሌላው ላይ እንዳይደርቡ። ቀጥሎ ከሲባጎ 60 ቁራጭ ይቁረጡ፤ እያንዳንዱ 1 ሜትር፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ። የሹራብ ክር አይጠቀሙ፤ ሲጎትቱት ይለጠጣል። ልጁ ሲባጎውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሂድና 1 ሜትር የሚሆን ነገር ፈልጎ ይምጣ። በአራት ዓመት ገደማ ላይ ያለ ታናሽ ወንድም ካለው ቁመቱ ከ1 ሜትር ብዙ እንደማይርቅ ራሱ ይደርስበታል።

ጥያቄ፦ የ5 ዓመት ልጄ ሁለት እኩል እርሳሶች ጎን ለጎን ሳስቀምጥለት «እኩል ናቸው» ይላል። አንዱን ትንሽ ወደ ፊት ስገፋው «ይሄ ረዘመ» ይላል። ሊያሳስበኝ ይገባል? (አባት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በፍጹም። የስዊስ ተወላጁ ሊቅ ዣን ፒያዤ ይህንኑ በብዙ ልጆች ላይ አይቶ ጽፎበታል። ልጁ የሚያየው ወደ ፊት የወጣውን ጫፍ ብቻ ነው፤ ከኋላ የጎደለውን አያይም። ሲያድግ ይለቀዋል። «አይደለም፣ እኩል ናቸው» ብለው አይሟገቱት፤ ለእርስዎ ብሎ እሺ ይላል እንጂ አይቀበለውም። እርሳሱን ወደ ቦታው ይመልሱለትና «አሁንስ? የጨመረው የት ሄደ?» ይበሉት። ከዚያ እሱ ራሱ ይግፋው።

በዚያው የምትጠቀሙበትን ቃል ልብ ይበሉ። እኛ ለሁሉም «ይበልጣል» እንላለን። አንድ ወፍራም አጭር ሻማና አንድ ቀጭን ረጅም ጧፍ አስቀምጠው «የቱ ይበልጣል?» ቢሉት ሻማው ቢል አልተሳሳተም። «የቱ ይረዝማል?» ብለው ይጠይቁት። ይረዝማል፣ ያጥራል፣ ይሰፋል፣ ይወፍራል፣ እኩል ነው፤ እነዚህ ቃላት በአፉ ላይ ቢለመዱ ማስመሪያው ሲመጣ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ጥያቄ፦ ልጄ «ኪሎ ሜትር በሚዛን ነው የሚለካው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳንቲ ሜትርንም ከሳንቲም ጋር ታምታታዋለች። እንዴት ላስረዳት? (እናት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ጥሩ ጠይቃለች። ከሽንኩርት መግዣ በስተቀር «ኪሎ»ን የት ሰምታው ታውቃለች? ኪሎ ማለት ሺህ ማለት እንደሆነ ይንገሯት። ኪሎ ሜትር 1,000 ሜትር ነው፤ እኛ ገበያ ላይ «ኪሎ» ብለን የምናሳጥረው ደግሞ ኪሎ ግራም፣ 1,000 ግራም ነው። ሳንቲምን በተመለከተ መምታታቱ እንዲያውም ይጠቅማታል፤ ሁለቱም ቃላት ከመቶ አንድ እጅ ማለት ናቸው። 100 ሳንቲም 1 ብር፣ 100 ሳንቲ ሜትር 1 ሜትር። 25 ሳንቲም የብር ሩብ እንደሆነ ካወቀች 25 ሳንቲ ሜትር የሜትር ሩብ መሆኑን ለማስረዳት ሌላ ትምህርት አያስፈልግዎትም።

ጥያቄ፦ ለልጆቼ ከሱቅ የገዛሁት የአናጺ ሜትር ጫፉ ላይ ያለው ብረት ይነቃነቃል። ተበላሽቶ ነው? (አባት፣ ከደሴ)

መልስ፦ ሆን ተብሎ ነው የተሠራው። ብረቱ የሚነቃነቀው በራሱ ውፍረት ልክ ነው። ከጣውላ ጫፍ ላይ አንጠልጥለው ሲስቡት ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከግድግዳ ጋር አስደግፈው ሲለኩ ወደ ውስጥ ይገባል። በሁለቱም መንገድ ልኩ ትክክል ይሆናል። ልጆቹ ይህን ሲያዩ በጣም ይደሰታሉ፤ ያሳዩአቸው። ሜትሩ ሲጠቀለል በኃይል እንዳይመለስ ግን እጅዎ አይለየው፤ የብረቱ ጠርዝ ይቆርጣል።

ጥያቄ፦ ሚሊ ሜትር መቼ ልጀምር? (የሁለተኛ ክፍል መምህርት)

መልስ፦ ሳንቲ ሜትር ሲያንሳቸው። የ30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ በኤ4 ወረቀት ረጅም ጎን ላይ ያስቀምጡላቸው። ወረቀቱ 30 ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ግን አልደረሰም። 29 ካሉም ይተርፋል። ያቺን የጎደለች ነገር ምን እንበላት ሲሉ ያኔ ትንንሾቹን መስመሮች ያሳዩአቸው። ወረቀቱ 297 ሚሊ ሜትር ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር ጎደለ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። ልጄ በትምህርት ቤት ኢንች ይማራል፤ እኔ የማስበው በሜትር ነው። ቤት ውስጥ ሳንቲ ሜትር ባስተምረው ይምታታበት ይሆን? (እናት)

መልስ፦ አይምታታበትም፤ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶችም ውሎ አድሮ ሁለቱንም ያስተምራሉ። የሚያምታታው ቶሎ «ቀይር» ማለት ነው። 1 ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ነው ብለው ማባዛት ያስጀመሩት ልጅ ቁጥር ያባዛል፤ ርዝመት ግን አያይም። ማስመሪያው ሁለት ጠርዝ ካለው አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ይለካው። ማንኪያው 6 ኢንች ከሆነ በሌላው ጠርዝ ከ15 ትንሽ ያልፋል። «ማንኪያው አንድ ሆኖ ቁጥሩ ለምን በዛ?» ይበሉት። መለኪያው ሲያንስ ቁጥሩ እንደሚበዛ በራሱ ከደረሰበት ከብዙ ሰንጠረዥ ይበልጣል።

ደግሞም ምክንያት ይስጡት። አገር ቤት ያለች አያቱ በስልክ ቁመቱን ስትጠይቀው «አራት ጫማ» ቢላት እግር ላይ የሚደረገውን ጫማ ልታስብ ትችላለች። በሩ ላይ ያስደግፉት፤ ጫማውን አውልቆ፣ ተረከዙን አስጠግቶ፤ መጽሐፍ በጭንቅላቱ ላይ አግድመው ምልክት ያድርጉና እሱ ራሱ ለክቶ «እማማ፣ አንድ ሜትር ከሃያ ሁለት ሆኛለሁ» ይበላት። በእሷ መለኪያ ሲነግራት ምን ያህል እንዳደገ ይታያታል።

ጥያቄ፦ አክሱም ውስጥ ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ይለካሉ፣ የቱ እንደሚረዝምም ያውቃሉ። «በስንት ይረዝማል?» ስላቸው ግን ሁለቱን ቁጥሮች ይደምራሉ። (መምህርት)

መልስ፦ ልጁ «በስንት ይረዝማል» የሚለውን ሲሰማ የሚያረዝም ነገር ይፈልጋል፤ የሚያውቀው የሚያበዛ ስሌት ደግሞ መደመር ነው። ቁጥሩን ለጊዜው ይተዉት። ሁለት የወረቀት ጥብጣቦች ከአንድ መነሻ መስመር ጎን ለጎን ያስተኙ፤ እኩል የሆኑበትን ክፍል በእጁ ይሸፍነው፤ ከእጁ ውጭ የተረፈችውን ብቻ ይለካ። ያቺ ትርፍ ናት «በስንት» የተባለችው። መቀነስን ከዚያ በኋላ ያምጡት።

ለእርስዎማ ደጅዎ ላይ ሌሎቻችን የማናገኘው መማሪያ አለ። በ1937 (እ.ኤ.አ.) ወደ ጣሊያን ተወስዶ በ2005 የተመለሰውና በ2008 እንደገና የቆመው ሐውልት 24 ሜትር ገደማ ነው፤ ወድቆ ተሰባብሮ የተኛው ትልቁ ደግሞ 33 ሜትር ገደማ። ልጆቹን ወደ ሜዳ ያውጡ። 33ቱ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር ሲባጎ ይዘው በአንድ መስመር፣ ሲባጎ ከሲባጎ እያገናኙ ይሰለፉ። በጠመኔ ከተሰመረው ከዚያው መነሻ ተነሥተው ሌሎች 24 ልጆች በጎናቸው ይሰለፉ፤ ልጅ ካነሰ የጎረቤት ክፍል ይምጣ። የመጀመሪያው ልጅ ከመጀመሪያው፣ ሁለተኛው ከሁለተኛው ጋር እጅ ለእጅ ይያያዙ። ከዚያ በረጅሙ ሰልፍ ላይ እጁን የሚይዝለት ያጣ ልጅ እጁን ወደ ላይ ያንሣ ይበሉ። ዘጠኝ እጅ ይነሣል።